«100 ብር ያለው ሰው 200 ቢጠይቅስ?» ኮዲንግ እየተማርን የዘለልነው ሙያ

#ትንታኔ #ሀዋሳ

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ/ም፣ አርብ ሌሊት። የዛኔ ግቢ የነበራችሁ መቼም አትረሱትም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ «ንግድ ባንክ ሂሳብ ላይ ከሌለው በላይ እየሰጠ ነው» የሚል ወሬ በስልክና በሜሴጅ ከዶርም ዶርም ዞረ። ከጅማ እስከ እዚሁ ቅርባችን ዲላ፣ ተማሪው ከአልጋው ተነስቶ ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ሌላው ደግሞ ተኝቶ በሞባይል ባንኪንግ ወደ ሌላ ሂሳብ ላከ።

ባንኩ ግብይቱን እስኪያስቆም ሰዓታት አለፉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ 490 ሺህ ገደማ ግብይት ተካሂዷል። በኋላ የባንኩ ፕሬዝዳንት አቶ አቤ ሳኖ የሰጡት ቁጥር አላግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ፣ ከዚህም ሦስት አራተኛ የሚጠጋው እንደተመለሰ የሚያሳይ ነበር። ገንዘቡን ያልመለሱ ከ500 በላይ ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ ወጣ፤ ቅርንጫፎች በር ላይ ሳይቀር ተለጠፈ።

ምክንያቱስ? ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ብሔራዊ ባንክም ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ላይ እንደሆነ ገለጸ። አንድ ነገር ሲስተሙ ላይ ተነካ፣ ከዚያ በፊት ይሠራ የነበረ ነገር መሥራት አቆመ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ወሬ በሙሉ ስለ ተማሪዎቹ ነበር። ሌባ ናቸው፣ አይደሉም፣ ድህነት ነው፣ አስተዳደግ ነው። ገንዘቡን መውሰድ ልክ እንዳልነበር ግልጽ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀረ፦ ሲስተሙ ከተነካ በኋላ «ሂሳቡ ላይ 100 ብር ያለው ሰው 200 ቢጠይቅ እምቢ ይላል?» ብሎ የሞከረ ሰው ነበር ወይ? ነበር እንበል፤ ሞክሮ ያገኘውን ሲናገር የሚሰማው ነበር ወይ?

ይህን ጥያቄ መጠየቅ በራሱ ሙያ ነው። ስሙ ሶፍትዌር ቴስቲንግ ይባላል፣ የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ኪውኤ» ተብሎም ይጻፋል። ሀዋሳ ላይ ኮዲንግ የሚማር ልጅ ከየአቅጣጫው አለ፤ ቴስቲንግ ነው የምማረው የሚል ግን ብዙም አይገጥማችሁም።

የሚገርመው ይቺ ከተማ ሙያውን በሌላ መልኩ በደንብ ታውቀዋለች። ሐምሌ 2008 ዓ/ም የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሠራች እህት ወይም ጓደኛ ያላችሁ ጠይቁ። ልብስ ስፌት ላይ «ኳሊቲ» የሚባሉ ሠራተኞች አሉ። አንዳንዶቹ መስመሩ መሃል ቆመው ገና እጅጌው ሲገጠም ያያሉ። ሌሎቹ መጨረሻ ላይ ያለቀውን ሸሚዝ ገልብጠው ስፌቱን ይፈትሻሉ። እጅጌው ጠምሞ መሃል ላይ ከተያዘ የሚፈታው አንድ ስፌት ነው። መጨረሻ ላይ ከተያዘ ሙሉ ሸሚዙ። ውጭ ሀገር ደርሶ ከተያዘ ደግሞ ሙሉው ትዕዛዝ ይመለሳል። የሰፋችው ልጅ ራሷ ኳሊቲ ሆና አታልፍም፤ ዐይኗ የራሷን ስፌት ስለለመደው ስህተቱን ዘሎት ያልፋል። ሶፍትዌር ላይ ግን «ዴቨሎፐሩ ራሱ ሞክሮታል፣ ይሠራል» ተብሎ የሚለቀቀው ስንት ነው!

እኛ ጋ ብቻ የሚከሰት ችግር ግን አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ/ም ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንድ ማሻሻያ ለቆ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጣላቸው። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። በኋላ ኩባንያው ራሱ ሲያብራራ ነገሩ አንዲት ቁጥር ሆና ተገኘች፦ አዲሱ ፋይል 21 መረጃ ይጠብቃል፣ ሶፍትዌሩ የሚያቀብለው 20 ብቻ ነበር። «21ኛው ባይኖርስ?» የሚል ሙከራ አልተደረገም። በዚያ ላይ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ተለቀቀ፣ መጀመሪያ ለጥቂቶች ተልኮ አልታየም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ/ም ደግሞ በኛው ቤት ያለ ቁስል ነው። ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ 157 ሰዎች። የ737 ማክስ አውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋ የነበረው ሶፍትዌር የአንድ ሴንሰርን መረጃ ብቻ ያምን ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በዚያው የፈረንጆች ዓመት ባወጣው ሪፖርት፣ አምራቹ ያ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ቢሰጥ ምን እንደሚፈጠር በሲሙሌተር ሙሉ ሁኔታውን አስመስሎ እንዳልሞከረው ገልጿል። «ይሄ ሴንሰር ቢዋሽስ?» የሚል ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቴስቲንግን ኮድ ላልቻለ ሰው የሚሰጥ ሥራ አድርጎ የሚያስብ ካለ ደግሞ ያስብበት።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ።

እንበልና የክፍል ጓደኛችሁ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ዓሣ ማዘዣ አፕ ሠራ። ከአሞራ ገደል ቆሮሶ ወይም አምባዛ ታዛላችሁ፣ በሞባይል ትከፍላላችሁ፣ በባጃጅ ይመጣላችኋል። «ሞክሩልኝ» አላችሁ። አብዛኛው ሰው ከፍቶ፣ አንድ ኪሎ አዝዞ፣ «አሪፍ ነው ወንድሜ» ብሎ ይመልሳል። ይሄ ቴስቲንግ አይደለም፣ ማመስገን ነው።

ቴስተር የሚጀምረው ከኪሎው ነው። 0 ኪሎ ቢታዘዝስ? ከዜሮ በታች 2 ኪሎ ቢጻፍስ፣ አፑ ብር ይመልስልኛል? (አትሳቁ፣ የሚመልስ አፕ አለ።) ሺህ ኪሎስ? ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ «ሁለት» ብዬ በፊደል ብጽፍስ?

ከዚያ ስልክ ቁጥር። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 ላይ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር 07 የሚል መነሻ ይዞ መጣ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ 07 ሲገባለት «ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» የሚል ፎርም ገጥሞኛል። 09፣ 07፣ በፕላስ 251 የሚጀምር፣ ያለ ፕላስ 251፣ ከሜሴጅ ኮፒ ተደርጎ መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ የያዘ፣ ሁሉንም ማስገባት ነው።

አሁን ቀን። ይሄኛው የኛ ልዩ ሀብት ነው፣ ሌላ ሀገር ያለ ቴስተር አያስበውም። የልደት ቀን ላይ 30/02/1995 ብላችሁ ጻፉ። ለኛ ጥቅምት 30 ነው፣ ያለ ምንም ችግር። በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ሲስተም ግን ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ያነበዋል፣ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም፣ ስለዚህ ይከለክላችኋል። ወር ላይ 13 ብላችሁ ጻፉ፣ ጳጉሜን ያውቃታል? ጳጉሜ 6 ቀን 2015 እውነተኛ ቀን ነው፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ግን የለም፤ ሁለተኛውን ከተቀበለ ባግ አገኛችሁ። ሰዓቱም እንዲሁ፦ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይደርሳል» እና «ከቀኑ 7 ሰዓት» ለአፑ አንድ ከሆኑ ዓሣው ማን በር ላይ እንደሚያድር አስቡት።

ፊደልም አለላችሁ። ፍለጋው ላይ «ዓሣ» ብሎ የጻፈና «አሳ» ብሎ የጻፈ ሰው አንድ ውጤት ያገኛሉ? የከተማችን ስም ራሱ ፈተና ነው፦ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሃዋሳ፣ ያው የድሮው አዋሳ። ሲዳሙ አፎ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን ጉሮሮ ላይ ተቋርጦ የሚወጣውን ድምፅ ለማሳየት ቃሉ መሃል ጭረት፣ ማለትም አፖስትሮፍ ይገባል። ስሙ ላይ ያቺ ጭረት ያለችበት ሰው ሲመዘገብ አፑ ከተዘጋ ወይም የማይገባ ስህተት ካወጣ፣ ነገሩ ከስም ያለፈ ነው። ዳታቤዙ የሚገባለትን ጽሑፍ እንደ ትዕዛዝ እያነበበ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ሰርጎ ገብ የሚፈልገው በር ነው። የአንድ ሰው ስም የደህንነት ቀዳዳ ያሳያል ማለት ነው።

እና ትልቁ፣ ክፍያ። «ክፈል» የሚለውን ተጭናችሁ ወዲያው ዳታ አጥፉ። ምን አለ? ብሩ ሄደ ወይስ አልሄደም? አፑ እንደገና ሞክር ካለና ደግማችሁ ከተጫናችሁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ? ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ከተጀመረ ወዲህ የሀገሩ ገንዘብ ስልክ ላይ እየገባ ነው፣ ኔትወርኩ ደግሞ የምታውቁት ነው፤ ስለዚህ ይሄ ሙከራ ላይ ጊዜ አጥፉ። በደንብ የተሠራ ሲስተም እያንዳንዱን የክፍያ ሙከራ በራሱ መለያ ቁጥር ይይዘዋል። ያው መለያ ደግሞ ሲመጣ «ይሄን አውቀዋለሁ፣ ጨርሼዋለሁ» ብሎ አንዴ ብቻ ይቆርጣል። የለውም? ገበያ ላይ በወጣ ማግስት ደንበኛና ባለ ሱቅ ይጣላሉ።

ሌላው፣ ሁለት ስልክ ያዙና በአንድ አካውንት እኩል ተጫኑ። ሂሳቡ ላይ 500 ብር አለ፣ ሁለታችሁም በአንዲት ቅጽበት 500 ትጠይቃላችሁ። ሲስተሙ ለሁለቱም «500 አለ» ብሎ አይቶ ለሁለቱም ከፈለ? ይሄ በዓለም ላይ የታወቀ የባግ ዓይነት ነው። (የንግድ ባንኩ ችግር ይሄ ነበር ማለቴ አይደለም፣ አደራ።)

እስካሁን ከስልካችሁ ውጪ ምንም መሣሪያ አልተጠቀማችሁም፣ ልብ በሉ። ብዙ ልጅ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ቱል ልማር?» ብሎ ነው። ምን እንደሚጠይቅ የማያውቅ ሰው ቱል ቢይዝ ባዶ ጥያቄ በፍጥነት ከመጠየቅ አያልፍም።

ጥያቄው ካላችሁ ግን ቱሉ ብዙ ነው፣ አብዛኛውም ነፃ። ከስልካችሁ ጀምሩ። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለው ጋ ገብታችሁ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ስትጫኑ የዴቨሎፐር አማራጮች ይከፈታሉ። እዚያ ውስጥ «ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ» የሚል አለ። እሱን ስታበሩ ስልኩ ከአንድ አፕ በወጣችሁ ቁጥር የነበራችሁበትን ገጽ ያጠፋል፤ ሚሞሪው ጠባብ የሆነ ስልክ የሚያደርገውን ያስመስላል ማለት ነው። ፎርም እየሞላችሁ ስልክ ተደወለላችሁ፣ አውርታችሁ ስትመለሱ የሞላችሁት ሁሉ ጠፋ? ውድ ስልክ የያዘ ዴቨሎፐር ይሄን ባግ ዕድሜ ልኩን ላያየው ይችላል። የፊደል መጠኑንም ትልቅ አድርጋችሁ እዩ፣ እናታችሁ የሚጠቀሙት እንደዛ ነው። «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ ወጥቶ የሚጠፋበት አፕ ጥቂት አይደለም።

ላፕቶፕ ከተገኘ፣ የራሳችሁ ይሁን የላብ፣ ክሮምን ክፈቱና ኤፍ12 ተጫኑ። ኔትወርክ የሚለው ገጽ ላይ አፑ ወደ ሰርቨር ምን እንደላከና ምን እንደተመለሰለት አንድ በአንድ ይታያል። ኔትወርኩን በሰው ሠራሽ መንገድ ቀርፋፋ ማድረግም ይቻላል። 400ዎቹ ውስጥ ያለ ቁጥር ከመጣ የላካችሁት ነገር ላይ ችግር አለ፣ 500 ከመጣ ሰርቨሩ ራሱ ወድቋል። ይህቺን ብቻ የሚያውቅ ሰው ከ«አይሠራም» ወደ «ትዕዛዙ ሲላክ ሰርቨሩ 500 መለሰ» ይሸጋገራል፣ ዴቨሎፐሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ዐይን ያየዋል።

ከዚያ ፖስትማን አለ። ስክሪኑን ዘላችሁ በቀጥታ ከሰርቨሩ ጋር እንድታወሩ ያደርጋችኋል። አፑ ከዜሮ በታች ኪሎ እንዳትጽፉ ቢከለክልም ሰርቨሩ ራሱ ይከለክላል ወይ የሚለው የሚታየው እዚህ ነው። ቀጥሎ ኤስኪውኤል፣ ቢያንስ መረጃ ጠይቆ ማውጣት እስክትችሉ፤ ስክሪኑ «ተከፍሏል» ሲል ዳታቤዙም ያንኑ ማለቱን በዐይናችሁ ለማየት። ጊት እግረ መንገድ ይመጣል።

ኮድ ጽፎ ሙከራውን ማሽን እንዲደጋግመው ማድረግ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለድረ ገጽ ሰሌኒየም ከ20 ዓመት በፊት ጀምሮ አለ፣ አዲስ ለሚጀምር ግን ፕሌይራይት ይቀላል። ለሞባይል አፕ አፒየም። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ቢገባ ሲስተሙ ይሸከማል ወይ የሚለውን ለማየት ጄሜትር። ስለ መጋቢት 7ቱ ሌሊት ስናስብ ዋናው ዋጋቸው ድግግሞሹ ነው። ባለፈው ወር ይሠሩ የነበሩ 300 ነገሮች ዛሬ ከተደረገው ማሻሻያ በኋላም መሥራታቸውን በየሌሊቱ ሰው ተቀምጦ አይፈትሽም። ማሽን ይፈትሻል፣ አንዱ ሲሰበር ማሻሻያው እንዳይለቀቅ ይይዘዋል። ሪግሬሽን ቴስት የሚሉት እሱን ነው።

ሰርተፊኬትስ? ኢስቲኪውቢ የሚባል ዓለም አቀፍ ፈተና አለ። የመጀመሪያው ደረጃ 40 ጥያቄ ነው፣ 60 ደቂቃ፣ ለማለፍ 26 መመለስ ይበቃል። መማሪያው በነፃ ይወርዳል፣ አንብቡት፣ ቃላቱን ታገኛላችሁ። የፈተናውን ክፍያ ግን ቀጣሪ ካልጠየቃችሁ ለጊዜው ያዙት። ከሰርተፊኬት በላይ የሚያሳምነው ጥሩ የተጻፈ የባግ ሪፖርት ነው። «አፑ ይበላሻል» አይደለም። በምን ስልክ፣ በየትኛው የአንድሮይድ ቨርዥን፣ ምን ምን ተጫንኩ በቅደም ተከተል፣ ምን ጠበቅኩ፣ ምን ሆነ፣ ስንት ጊዜ ሞክሬ ስንት ጊዜ ተከሰተ፣ ከነስክሪን ቅጂው። እንዲህ ያሉ አሥር ሪፖርቶችን ከጓደኞቻችሁ ፕሮጀክት ላይ ብትሠሩና ብታስቀምጧቸው ለቃለ መጠይቅ የምታሳዩት ነገር አላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በጣም የምር። ያለ ፈቃድ የባንክ ወይም የመንግሥት ሲስተም ላይ «ልሞክረው» ብሎ መግባት የለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል፣ «ችግሩን ላሳያቸው ብዬ ነው» የሚለው ፍርድ ቤት ላይ አያድናችሁም። የራሳችሁን፣ የጓደኛችሁን፣ ወይም በጽሑፍ የተፈቀደላችሁን ብቻ። የእውነተኛ ሰዎችን መረጃ ለሙከራ ማዋልም ከግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ፣ ከ1321/2016 በኋላ፣ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። የሙከራ ስም ፍጠሩ።

ሥራው የታል የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ባንኮቹም ሶፍትዌር ቤቶቹም በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው፣ ሀዋሳ ላይ የቴስተር ማስታወቂያ እየጠበቁ መቀመጥ አያዋጣም። ብዙ ትናንሽ ቤቶች ደግሞ ቴስተር አይቀጥሩም፣ ዴቨሎፐሩ ላይ ይጭኑታል። ኤአይ ደግሞ የቴስት ኮድ በሰከንድ ይጽፋል። ጽፎም ያውቃል፣ ሞክሬዋለሁ። ግን 30/02 ለኛ ትክክለኛ ቀን መሆኑን ነግሬው ነው ያሰበው። የሚነግረው ሰው መኖር አለበት፣ የኔ ተስፋም እሱ ላይ ነው።

ሐምሌ 2016 ላይ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ትብብር የተጀመረውን «5 ሚሊዮን ኮደሮች» እዩት። ሲጀመር የቀረቡት ኮርሶች ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና ኤአይ ናቸው። ጥሩ ናቸው፣ ተማሩ፣ ነፃ ነው። ቴስቲንግ ግን በስሙ የቆመ ኮርስ ሆኖ አልመጣም። 5 ሚሊዮን ሰፊ እያሠለጠንን ኳሊቲውን ረስተናል። እዚህ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ፕሮጀክቶች ላይ እንኳ አንዱ ቡድን የሌላውን ቡድን ሥራ እንዲፈትሽና ነጥብ እንዲያገኝበት ቢደረግ ወጪ የለውም። ላፕቶፕ አያስገዛ፣ በጀት አይጠይቅ። መምህራን ካያችሁት አስቡበት።

በነገራችን ላይ ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ዓ/ም መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለ የትኛውም የቀን መቁጠሪያ ወይም የመመዝገቢያ አፕ ላይ ጳጉሜ 6 ቀን 2019ን፣ ቀጥሎ ጳጉሜ 6 ቀን 2018ን አስገቡና ምን እንደሚል እዩ። ያገኛችሁትን ኮመንት ላይ አስቀምጡ፤ የስልኩን ሞዴል፣ የአንድሮይድ ቨርዥኑን፣ የተጫናችሁትን በቅደም ተከተል። «አይሠራም» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው መልስ አይሰጠውም።